ዊንዶውስ 7ን ስትተዉ ተጠቃሚውን ሜዳ ላይ አትጣሉት

የኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ) ፕሮጀክት ካላችሁ ይሄ መልእክት አይቀርላችሁም፦ "እኔ ጋ አይከፍትም።" ስታጣሩ ሰውዬው ያለው ዊንዶውስ 7 ላይ ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2020 ትቶታል፤ ማሽኑ ግን ዛሬም ይሰራል፣ ባለቤቱም ሌላ የለውም።

ሁሉንም ሲስተም የመደገፍ ግዴታ የለባችሁም። ቁርጡን የመናገር ግዴታ ግን አለባችሁ።

መጀመሪያ ሪድሚው (የፕሮጀክቱ መግለጫ ፋይል) ላይ "እንደግፋለን" ስትሉ ምን ማለታችሁ እንደሆነ ጻፉ። የራስት ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ሰዎች የሚደግፏቸውን ሲስተሞች በሦስት ደረጃ ከፍለዋቸዋል፦ አንደኛው እንደሚሰራ ዋስትና ያለው፣ ሁለተኛው ቢያንስ ኮምፓይል እንደሚያደርግ (ኮዱ ወደሚሰራ ፕሮግራም እንደሚቀየር) የተረጋገጠ፣ ሦስተኛው ኮዱ ውስጥ ያለ ግን ፕሮጀክቱ በራሱ የማይሞክረው። በሜይ 2024 በወጣው ራስት 1.78 ቨርዥን የሚፈለገውን ዝቅተኛ ዊንዶውስ ወደ ዊንዶውስ 10 ሲያሳድጉ እንኳን ዊንዶውስ 7ን ጨርሰው አልጣሉትም፤ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ለብቻው አስቀመጡት፣ የሚፈልግ ራሱ ቢልድ ያደርገዋል። ለትንሽ ፕሮጀክት "እንሞክረዋለን" እና "ሊሰራ ይችላል፣ ግን አንሞክረውም" የሚሉት ሁለቱ ይበቃሉ።

ልትተዉት ስትወስኑ ቢያንስ አንድ ቨርዥን ቀድማችሁ አሳውቁ። የመጨረሻውን የሚሰራ ቨርዥን ቁጥሩን ጠርታችሁ ዳውንሎድ ገጹ ላይ አኑሩት፤ ለምሳሌ ከፕሮግራሚንግ ቋንቋዎች ለዊንዶውስ 7 ፓይተን 3.8 እና ጎላንግ 1.20 የመጨረሻዎቹ ናቸው፣ ይህን የሚያውቅ ሰው ግማሽ ቀን ከመልፋት ይድናል። የድሮውን ፋይል በፍጹም አታጥፉ። የሴኪዩሪቲ ማስተካከያ እንደማያገኝም እዚያው ግልጽ አድርጉ።

ፕሮግራሙም ራሱ ይናገር። ሲነሳ የሲስተሙን ቨርዥን አይቶ "ይህ ዊንዶውስ 10 ይፈልጋል፣ ለእርስዎ የሚሆነው ይሄኛው ነው" ይበል እንጂ የጎደለ ዲኤልኤል (ፕሮግራሙ የሚጠቀምበት የሲስተም ፋይል) ስም ወርውሮ አይዘጋ። ሳይሞከር የቀረ ሲስተም ከሆነ ደግሞ አስጠንቅቁ እንጂ አትከልክሉ።

የድሮውን ሲስተም የሚደግፍ ፓች (የኮድ ማስተካከያ) ይዞ የሚመጣ ሰውስ? ትንሽ ከሆነና ሌላውን ካልነካ በደስታ ተቀበሉት። ትልቅ ከሆነ ግን ማን እንደሚንከባከበው ጠይቁ፤ ፓይተን እንኳን በራሱ የድጋፍ ደረጃዎች ለሦስተኛው ቢያንስ አንድ ኃላፊነት የሚወስድ ዋና ገንቢ ይፈልጋል። ያ ሰው ከጠፋና ተተኪ ካልተገኘ ኮዱ መውጣቱ አግባብ ነው።

ኢሹውን (ተጠቃሚው ያስመዘገበውን ችግር) ስትዘጉ ደግሞ "ኮምፒውተር ቀይር" አትበሉ። "ይህን ሲስተም መሞከር አቁመናል፣ እስከዚህ ቨርዥን ድረስ ይሰራልዎታል፣ ሊንኩ ይሄ ነው" በቂ ነው።