ከዝውውሩ በፊት ሂሳቡ፦ ለአንድ የፕሪሚየር ሊግ ክለብ ምን ተጫዋች እንደሚጎድለው እንዴት ይታወቃል?

ክረምት ሲገባ በክለቦቻችን ጽሕፈት ቤት መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ «ማንን እናስፈርም?» የሚለው ነው። ወኪል ይደውላል፣ የቦርድ አባል ባለፈው ዓመት ጎል ያገባብንን አጥቂ ያነሳል፣ ደጋፊው ፌስቡክ ላይ ስም ይደረድራል። «ምን ይጎድለናል?» የሚለው ከፊርማው በኋላ ይመጣል፤ ያን ጊዜ ገንዘቡ አልቋል። ከዚህ በታች ያለው አሠራር ለኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ክለብ አሰልጣኞችና ቴክኒክ ክፍል የታሰበ ነው። የዓመቱ የጨዋታ ሪፖርት፣ የጨዋታዎቹ ቪዲዮና አንድ ኮምፒውተር ካለ ሁለት ሰው በሁለት ሳምንት ይጨርሰዋል።

ውሉን አስቀድሙ

ሥራው ሊጉ ሳያልቅ፣ አምስት ስድስት ጨዋታ ሲቀር ይጀመር። በፊፋ ደንብ ውሉ ሊያበቃ ስድስት ወር ወይም ከዚያ በታች የቀረው ተጫዋች ለቀጣዩ ጊዜ ከሌላ ክለብ ጋር መፈራረም ይችላል። በጀቱ ሐምሌ 1 እስኪፈቀድ የሚጠብቅ ክለብ እንግዲህ ሲነቃ ግማሹ ተጫዋች ሄዶ ሊያገኘው ይችላል።

አንድ ሠንጠረዥ ክፈቱ፤ ስም፣ ዕድሜ፣ የሚጫወትበት ቦታ፣ ውሉ የሚያበቃበት ቀን፣ ወርሃዊ ደመወዝ። በውሰት የሰጣችሁትን ተጫዋች አትርሱ፤ ተመልሶ መጥቶ ደመወዝ ሲጠይቅ ብቻ የሚታወስ አለ። ከእያንዳንዱ ስም ጎን «ይቆያል»፣ «ይሄዳል»፣ «አልታወቀም» ብላችሁ ጻፉ። ነሐሴ ላይ የሚያስጨንቀው ሦስተኛው ነው። «አልታወቀም» የተባለውን ሁሉ ለስብስቡ ሂሳብ እንደሄደ ቁጠሩት፤ ከቆየ ትርፍ ነው።

በአፍሪካ መድረክ የሚሳተፍ ክለብ ከዚህም መቅደም አለበት። ንግድ ባንክ በ2016 ዓ.ም. ሻምፒዮን በሆነበት ክረምት ከኡጋንዳው ኤስሲ ቪላ ጋር በሻምፒዮንስ ሊግ ቅድመ ማጣሪያ የተገናኘው ነሐሴ ላይ ነው፤ የአገር ውስጡ ሊግ ገና አልተጀመረም ነበር። ለእንዲህ ያለ ክለብ ስብስቡ መጠናቀቅ ያለበት ሐምሌ ላይ እንጂ መስከረም ላይ አይደለም።

ደቂቃ ቁጠሩ

የግምገማው አጥንት ይህ ነው። 16 ክለብ ባለበት ሊግ እያንዳንዱ ቡድን 30 ጨዋታ ያደርጋል። 30 ጨዋታ በ90 ደቂቃ፣ በ11 ተጫዋች ሲባዛ 29,700 ደቂቃ ይሆናል። የክለቡ ቁጥር ሲለወጥ ሂሳቡም ይለወጣል፦ 18 ክለብ ከሆነ 34 ጨዋታና 33,660 ደቂቃ፣ 20 ከሆነ 38 ጨዋታና 37,620 ደቂቃ። እያንዳንዱ ተጫዋች ከዚህ ስንቱን እንደያዘ ከጨዋታ ሪፖርቱ አውጡ፤ ተቀይሮ የገባበትንና የወጣበትን ደቂቃ ጭምር።

ቀጥሎ የሚሄዱትን ደቂቃ ደምሩ። ለምሳሌ ስድስት ተጫዋቾች ለቀው የያዙት ደቂቃ 8,900 ከሆነ፣ ከ29,700ው 30 በመቶው ሄዷል ማለት ነው። ሌላ ክለብ ደግሞ ስምንት ተጫዋች አሰናብቶ የእነሱ ድምር 2,000 ቢሆን ያጣው 7 በመቶ ገደማ ነው። በጋዜጣ «ስምንት ተጫዋቾች ለቀቁ» የሚለው ዜና ያስደነግጣል፤ የተጎዳው ግን ስድስት የለቀቁበት ነው። በእኛ ግምት የሚሄደው ደቂቃ ከ40 በመቶ ካለፈ ቡድኑ አዲስ ነው፤ የአራት ሳምንት ዝግጅት አይበቃውም፣ የመጀመሪያዎቹ ጨዋታዎችም በነጥብ ይከፈሉበታል።

ደቂቃው ዝቅ ያለበትን ተጫዋች ለምን እንደሆነ ለዩ፤ ጉዳት ነው፣ ካርድ ነው፣ የብሔራዊ ቡድን ጥሪ ነው ወይስ የአሰልጣኙ ውሳኔ? እዚህ ላይ ከሁሉም በላይ መሰማት ያለበት የሐኪሙና የወጌሻው ቃል ነው። ለተደጋጋሚ ጉዳት ትልቁ ምልክት የቀድሞ ጉዳት ነው፤ በተለይ የኋላ ታፋ ጡንቻ። ሦስት ዓመት በተከታታይ 900 ደቂቃ ብቻ የተጫወተ ሰው ዘንድሮ 2,500 ይጫወታል ብሎ ማቀድ ምኞት ነው፤ 900 ብላችሁ ያዙት። በቅርቡ የጉልበት ጅማት ቀዶ ሕክምና ያደረገ ተጫዋች ወደ ሜዳ ለመመለስ በአብዛኛው ዘጠኝ ወርና ከዚያ በላይ ስለሚፈልግ ለመጀመሪያው ዙር ዜሮ ነው።

የቦታውን ሥራ ጻፉ

«ግራ ተከላካይ እንፈልጋለን» የሚለው ዓረፍተ ነገር ምንም አይናገርም። ከፍ ብሎ የሚጫወትና በሦስት ተከላካይ የሚገነባ ቡድን የሚፈልገው የመስመር ተጫዋች ሙሉውን መስመር ሲመላለስ የሚውል ነው። ወደኋላ ተሰብስቦ በመልሶ ማጥቃት የሚጫወት ቡድን ደግሞ ተጋጣሚ ኳስ እንዲያሻግር የማይፈቅድ፣ አንድ ለአንድ የማይሸነፍ ሰው ይበቃዋል። ሁለቱ አንድ ስም አላቸው፤ ሥራቸው አይገናኝም።

ለ11ዱም ቦታ ከሦስት እስከ አምስት መስመር ጻፉ፤ ኳስ ሲኖረን ምን ይሠራል፣ ስናጣ ምን ይሠራል፣ በቆመ ኳስ ጊዜ የት ይቆማል፣ በየትኛው እግሩ ይጫወታል። የመጨረሻው ቀላል ይመስላል። ግን የግራ መሀል ተከላካዩ ቀኝ እግረኛ ከሆነ ተጋጣሚ ወደዚያ በኩል ይጫነዋል፤ ኳሱን ወደ ውስጥ ለመመለስ ይገደዳል፣ የግራ መስመሩም ይታፈናል። ጥፋቱ ግን የግራ ክንፉ «አልተንቀሳቀሰም» ተብሎ ይመዘገባል።

ይህን የሚጽፈው ዋናው አሰልጣኝ ነው። አሰልጣኝ ሳይቀጠር ተጫዋች የሚያስፈርም ክለብ ሁለት ጊዜ ይከፍላል፦ አንዴ ለፊርማ፣ አንዴ አዲሱ አሰልጣኝ የማይፈልገውን ለማሰናበት።

ተደራራቢ ሰሌዳ

አሰላለፉን በትልቅ ወረቀት ላይ ሳሉና በየቦታው አንደኛና ሁለተኛ ተጫዋች አስገቡ። ከ23 እስከ 25 ተጫዋች በቂ ነው፤ ሦስት ግብ ጠባቂ፣ አራት የመሀል ተከላካይ፣ አራት የመስመር ተከላካይ፣ የቀረው በአማካይና በአጥቂ ይከፈላል።

የሚበላሸው እዚህ ነው። ቀኝ ተከላካይም፣ የተከላካይ አማካይም፣ መሀል ተከላካይም መሆን የሚችል ልጅ በሦስቱም ቦታ ላይ «ሁለተኛ» ተብሎ ይጻፋል። ወረቀቱ ሙሉ ይመስላል። የመሀል ተከላካዩ ሲጎዳ ልጁ ወደዚያ ይሄዳል፤ ሌሎቹ ሁለት ቦታዎች በአንድ ጊዜ ባዶ ይቀራሉ። ደንቡ፦ አንድ ተጫዋች በቀለም የሚጻፈው በአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ሌላው በእርሳስ።

ከዚያ የሁለት ሰው ፈተና ስጡት። ከእያንዳንዱ መስመር ሁለቱን ዋና ተጫዋቾች በአንድ ላይ አንሱና ለሦስት ጨዋታ የሚሰለፈውን 11 ጻፉ። አንዱ በአምስት ቢጫ፣ አንዱ በጉዳት መቅረቱ ብርቅ አይደለም። እጃችሁ የሚቆምበት ቦታ እውነተኛው ክፍተት ነው።

ተጠባባቂውም ሂሳብ አለው። በአምስት ቅያሪ ሕግ አምስቱም ገብተው በአማካይ 25 ደቂቃ ቢጫወቱ 125 ደቂቃ ነው፤ ከጨዋታው 990 የተጫዋች ደቂቃ አንድ ስምንተኛው ማለት ነው። ቅያሪው የሚፈቀደው ከእረፍት ሰዓት ውጭ በሦስት ጊዜ ብቻ ስለሆነ ሁለት ሁለት ሆነው መግባት የሚችሉ ተጫዋቾች ይጠቅማሉ። በተጠባባቂ ወንበር ላይ ጨዋታ የሚለውጥ ፈጣን ሰው ከሌለ፣ ቋሚው 11 ምንም ያህል ቢያምር ቡድኑ 70ኛው ደቂቃ ላይ ይቆማል።

ጎሎቹን ወደኋላ ተከተሉ

የተቆጠሩባችሁን ጎሎች በሙሉ በቪዲዮ እዩ። ከጎሉ ሦስት ንክኪ ወደኋላ ሂዱና ኳሱ የት እንደተበላ ጻፉ። ሁለቱ ገምጋሚዎች ለየብቻ ጽፈው በኋላ ያስተያዩ። ብዙ ጊዜ በመጨረሻ የሚታየው መሀል ተከላካይ ይወቀሳል፤ የተበላሸው ግን መሀል ሜዳ ላይ ሁለተኛውን ኳስ፣ ማለትም ከመጀመሪያው ፍልሚያ የተረፈውን፣ የሚያነሳ ሰው በመጥፋቱ ነው። እንዲህ ሆኖ አዲስ መሀል ተከላካይ ቢገዛ ጎሉ በተመሳሳይ መንገድ ይቀጥላል። ከቆመ ኳስ የገባውን ለብቻ አውጡት፤ የእሱ መድኃኒት አንዳንዴ ዝውውር ሳይሆን የአቋቋም ልምምድ ነው።

ያገባችሁትን ደግሞ ፍጹም ቅጣት ምቱን ቀንሳችሁ ቁጠሩ። ከአራት ፍጹም ቅጣት ምት ሦስቱ ገደማ ስለሚገባ ማንም ጥሩ መቺ ሊረከበው ይችላል። 12 ጎል ያገባ አጥቂ አምስቱ ከፍጹም ቅጣት ምት ከሆነ ምትክ የሚፈለገው ለሰባት ጎል ነው። ከሙከራዎቹ ጥራት ተነስቶ ስንት ጎል ሊገባ ይችል እንደነበር የሚገምተውን፣ የሚጠበቅ ጎል የሚባለውን አኃዝ የሚያቀርብላችሁ ከሌለ በእጅ ቁጠሩ፦ በየጨዋታው ከሳጥን ውስጥ ስንት ሞከርን፣ ስንት ተሞከረብን። ሙከራው ብዙ፣ ጎሉ ጥቂት ከሆነ የጎደለው ጨራሽ ወይም ዕድል ሊሆን ይችላል፤ ሙከራው ራሱ ከሌለ አጥቂ ማስፈረም ችግሩን አይነካውም፣ የጎደለው አቀባይ ነውና።

መርሐ ግብሩና ቦታው

ሊጉ በተመረጡ ከተሞች ተሰብስቦ ሲካሄድ ጨዋታዎቹ ይቀራረባሉ፤ ቡድኑም ለሳምንታት ሆቴል ውስጥ ይከርማል። ድሬዳዋ ሙቀት ነው፣ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ነው። ስለዚህ በአማካይ መስመር ላይ በአራት ቀን ልዩነት መሮጥ የሚችሉ ቢያንስ አራት ሰዎች ያስፈልጋሉ። ሦስቱም አማካዮች ከ31 ዓመት በላይ ከሆኑ ችግሩ ጥቅምት ላይ አይታይም፤ የካቲት ላይ ይታያል።

መጀመሪያ ከቤት

ክፍተቶቹ ሲታወቁ ተስፋ ቡድኑን እዩ። ለወጣት «ዕድል እንሰጠዋለን» ማለት አይበቃም፤ በደቂቃ ሠንጠረዡ ላይ ቁጥር ይጻፍለት፣ ለምሳሌ 450፣ አምስት ሙሉ ጨዋታ ማለት ነው። ያ ቁጥር ከማን እንደሚቀነስም ይጻፍ። ካልተጻፈ አይሰጠውም።

ቅደም ተከተልና ገንዘብ

የተረፉትን ክፍተቶች በሦስት ደረጃ ክፈሉ፦ ካልተሞላ ቡድኑ የማይሰለፍበት፣ ካልተሞላ የሚዳከምበት፣ ቢገኝ ጥሩ የሚሆነው። ለእያንዳንዱ የፊርማውን፣ የዓመት ደመወዙንና የመኖሪያውን ድምር አስሉ። ገንዘቡ ለመጀመሪያው ደረጃ ካለቀ እዚያው ቁሙ። ለአንድ ክፍተት ሦስት ዕጩ ያዙ፤ አንድ ዕጩ ብቻ ያለው ክለብ ዋጋ የሚነገረው እንጂ የሚደራደር አይደለም። ዕጩውን ቢያንስ በአራት ሙሉ ጨዋታ እዩት፤ ሁለቱ ቡድኑ የተሸነፈባቸው ይሁኑ። ወኪል የሚልከው የተቆራረጠ ቪዲዮ የተበላበትን ኳስ አያሳይም።

አንድ የስብስብ ቦታና ለእሱ የሚሆን ገንዘብ እስከ መጨረሻው ሳምንት ክፍት ይቆይ። በወዳጅነት ጨዋታዎች ላይ ሰሌዳውን ይዛችሁ ቁሙ፤ ውጤቱን ትታችሁ በእርሳስ የተጻፉት ተጫዋቾች በዚያ ቦታ 45 ደቂቃ መቆም ይችሉ እንደሆነ ፈትኑ። ያልቻለውን ከሰሌዳው ደምስሱት፤ ክፍት ያቆያችሁትም የስብስብ ቦታ ለዚያ ክፍተት ይዋል። በግማሽ ዓመቱ መስኮት እናሟላዋለን የሚል ካለ ይህን አስታውሱት፦ በፊፋ ደንብ አንድ ተጫዋች በአንድ የውድድር ዓመት በመደበኛነት ለሁለት ክለብ ብቻ ነው መጫወት የሚችለው፤ ያን ጊዜ ከሚቀርቡት ስሞች አንዳንዶቹ ሁለቱንም ጨርሰዋል።