በእንግሊዝኛ ሪፖርት ላይ «ኢሚነንት ዴንጀር» ሲጻፍ

ከደብረ ማርቆስም ሆነ ከፍኖተ ሰላም በእንግሊዝኛ የአደጋ ሪፖርት ለምትልኩ፦ ሊደርስ ለተቃረበ አደጋ የሚባለው «ኢሚነንት ዴንጀር» (imminent danger) ነው። «ኤሚነንት» (eminent) ካላችሁት ግን «ስመ ጥሩ አደጋ» ማለታችሁ ነው። ሁለቱም ትክክለኛ ቃላት ስለሆኑ የፊደል ማረሚያው ቀይ ላያሰምርበት ይችላል፤ በዓይን ማየት ነው። ትክክለኛው በ«አይ» ይጀምራል፣ «ኤም» ይደገማል፣ ከዚያ እንደገና «አይ» ይከተላል። በሁለተኛው «አይ» ቦታ «ኤ» (a) ከገባ ደግሞ የፍልስፍና ሰዎች ቃል ይሆናል።

ክረምት ላይ ድልድይ ሊናድ ሲል እንዲህ ይጻፋል፦ «ዘ ብሪጅ ኢዝ ኢን ኢሚነንት ዴንጀር ኦቭ ኮላፕሲንግ»። ከ«ዴንጀር» ቀጥሎ «ኦቭ» ይገባል፣ ግሱም በ«ኢንግ» ያልቃል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ «ቱ ኮላፕስ» እያለ ነው።

ቃሉ የሚሆነው በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ ለሚደርስ ነገር ነው። የጮቄ ተራራ አፈር መሸርሸር ከባድ ቢሆንም ዓመታት የሚፈጅ ጉዳት ስለሆነ «ሲሪየስ ትሬት» (ከባድ ስጋት) ይበቃዋል። ሁሉንም «ኢሚነንት» ካላችሁት ጎርፉ በእርግጥ ደጅ ሲደርስ ሪፖርቱን አንብቦ የሚደነግጥ አይኖርም።

«ኤሚነንት ዶሜይን» የሚል ካጋጠማችሁ ግን አታርሙት፤ መንግሥት ካሳ ከፍሎ የግል መሬት ለሕዝብ ጥቅም የሚወስድበት የሕግ አነጋገር ነው።