ውሻ ከነከሰ መጀመሪያ ሳሙና

ጎንደር ላይ አምሽቶ በእግሩ ወደ ቤቱ የሚገባ ሰው ውሾቹን ያውቃቸዋል። ቀን ጥላ ስር ተኝተው ይውላሉ፣ ሲመሽ መንገዱ የእነሱ ነው። አብዛኞቹ ማንንም አይነኩም። ግን አንዱ ከነከሳችሁ ወይ ከቧጨራችሁ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ሊኖርበት ይችላልና ከሁሉም በፊት ቁስሉን እጠቡት።

15 ደቂቃ ሙሉ፣ በሚፈስ ውሃና በሳሙና። ስልካችሁ ላይ ሰዓት ያዙ፤ ሰው ሁለት ደቂቃ አጥቦ “በቃ ጸዳ” ይላል። ቧንቧው ከጠፋ፣ መቼም በኛ ከተማ ብርቅ አይደለም፣ አንዱ ከጄሪካን በጆግ እየቀዳ ያፍስስ፣ ሌላው በሳሙና ያሽ። የልብስ ሳሙናም ይሆናል። የበሽታው ቫይረስ የቅባት ሽፋን ስላለው ሳሙና ያፈርሰዋል፣ ለዚህ ነው የምጨቀጭቃችሁ። ቡናም፣ በርበሬም፣ ነጭ ሽንኩርትም አትነስንሱበት።

ከዚያ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል። ክትባቱ እዚያ ከሌለ የት እንደሚገኝ ጠይቁና ቀጥሉ፣ “ነገ” አትበሉ። በቀጠሮ የሚሰጥ መርፌ ነው፣ አንዱንም ቀን አትዝለሉ። ቆዳው ተበስቶ ከሆነ ቁስሉ ዙሪያ የሚወጋ ኢሚውኖግሎቡሊን የሚባል፣ ክትባቱ እስኪሠራ የሚከላከል መድኃኒትም ስላለ ሐኪሙን ጠይቁት። ነፍሰ ጡርም፣ የምታጠባ እናትም ትከተባለች።

የአገር መድኃኒት ጠጥቶ ዳነ የተባለ ሰው በየሰፈሩ አለ። ውሻው መጀመሪያም ያላበደ ሊሆን ይችላል እኮ! ደግሞ በሽታው ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 3 ወር ተደብቆ ይቆያል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ስለዚህ በሁለተኛው ሳምንት ደህና መሆን ምንም ማለት አይደለም። የተነከሰው ሰው ውሃ መፍራት ከጀመረ በኋላ ግን የሚያድን ሕክምና የለም። ጸበል መጠመቅ የሚፈልግ ይጠመቅ፣ እምነቱ ነው፣ ብቻ መርፌውን ጀምሮ፣ ቀጠሮውንም ሳይተው።

ውሻውን ደግሞ ቶሎ አትግደሉት። ባለቤት ካለው ታስሮ 10 ቀን ይታይ። አስረኛው ቀን ላይ ደህና ከሆነ ሲነክስ በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው፣ ሐኪሙም ቀሪውን መርፌ ሊያስቆም ይችላል። እስከዚያ ግን ክትባቱ አይጠብቅም። ከሞተ ወይም ከጠፋ እስከ መጨረሻው ተወጉ።

ያበደ ውሻ ሁሉ ደግሞ እየሮጠ አይናከስም። አንዳንዱ ጥግ ይይዛል፣ መንጋጋው ይወርዳል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ መዋጥ ያቅተዋል። ባለቤቱ አጥንት ተሰንቅሮበት ነው ብሎ እጁን አፉ ውስጥ ይከታል። እባካችሁ ይህን አታድርጉ! በሩን ዝጉበትና የእንስሳት ሐኪም ጥሩ።

ቤታችሁ ውሻ ወይ ድመት ካለ 3 ወር ሲሞላው አስከትቡት፣ ከዚያ በየዓመቱ። የከተማውን የእንስሳት ክሊኒክ ጠይቁ፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲም የእንስሳት ሕክምና ያስተምራል። ድመቷን ብዙ ሰው ይረሳታል፣ እሷም ከያዛት ታስተላልፋለች። የክትባት ካርዱን ከልጆቹ ካርድ ጋር አስቀምጡት፣ ውሻችሁ ጎረቤት የነከሰ ቀን መጀመሪያ የምትጠየቁት እሱን ነው።

በጣም የሚያሳስበኝ የልጆቹ ነገር ነው። ልጅ ውሻ ሲነክሰው ቁጣ ፈርቶ ይደብቃል። “ውሻውን ለምን ነካካህ?” እንደሚባል ያውቃላ። ስለዚህ ማታ እግራቸውን ስታጥቧቸው ባታቸውንና እጃቸውን እዩ። ጭረት ካለ “ምን ነካህ የኔ ልጅ?” በሉት፣ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ፣ እና ሳሙናውን አቅርቡ።