ደብዳቤያችሁ ጠረጴዛ ላይ እንዳይቀር፦ ለኮሌጅ ተማሪዎች የቢሮ ጽሑፍና የቢሮ ንግግር

በየዓመቱ ከደብረ ብርሃን ኮሌጆች ወደ እኛ መዝገብ ቤት ለተግባር ልምምድ የሚመጡ ልጆች አሉ። አብዛኞቹ ጎበዞች ናቸው። የቢዝነስ ኮሙኒኬሽን ኮርስ ወስደዋል፤ የደብዳቤ ክፍሎችን በእንግሊዝኛ ዘርዝሩ ስትሏቸው ሳይደናቀፉ ይዘረዝራሉ። «እስቲ የተሰበረው ቧንቧችን እንዲጠገን የሚጠይቅ ደብዳቤ አርቅቂ» ስትሏት ግን ብዕሩ ይቆማል። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፣ ቢሮው በአማርኛ ነው፤ ሁለቱን የሚያገናኝ ሰው በመሃል የለም። እንግዲህ እኔ ከመዝገብ ቤት ወንበር ሆኜ የማየውን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ደብዳቤ የሚሄድበትን መንገድ እወቁ። ደብዳቤያችሁ በመጀመሪያ የሚደርሰው መዝገብ ቤት ነው። እኛ ገቢ መዝገብ ላይ ቁጥር ሰጥተን፣ ከየት እንደመጣና ጉዳዩ ምን እንደሆነ መዝግበን፣ በማህደር አድርገን ለኃላፊው እናስገባለን። ኃላፊው ይመራዋል። ማለትም ባዶው ጥግ ላይ «ለሰው ሀብት፣ በመመሪያው መሠረት ይታይ» ብሎ ጽፎ፣ ፈርሞ፣ ቀን አድርጎ ይመልሰዋል። ከዚያ ወደ ባለሙያው ይሄዳል። ጉዳዩን የሚፈጽመው ባለሙያው ቢሆንም ወደየትኛው ባለሙያ እንደሚሄድ የሚወስነው ያ የጥግ ጽሑፍ ነው።

ኃላፊው ማህደሩን የሚከፍተው ጠዋት ነው። የደብረ ብርሃንን ጠዋት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ በአንድ እጁ የሻይ ብርጭቆ ይዞ ጣቱን እያሞቀ በሌላው ያገላብጣል፣ በር ላይ ባለጉዳይ ቆሟል፣ ስልኩ ይጮኻል። ሙሉውን አያነብም። «ጉዳዩ» የሚለውን መስመርና የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር አይቶ ይመራል። ስለዚህ ደብዳቤ የምትጽፉት ለሚመራው ሰው ነው። እነዚህን ሁለት መስመሮች ካሳመራችሁ ሥራው ከግማሽ በላይ አልቋል።

የሚያሳዝነው ልጆቹ ከየማስታወቂያ ሰሌዳው እየቀዱ የሚመጡት የሚከተለውን ዓይነት ነው፦

«ጉዳዩ፦ ትብብር ስለመጠየቅ

ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው ተቋማችን በአካባቢው ሰፊ ሥራ እየሠራ የሚገኝ ሲሆን ይህንኑ አጠናክሮ ለማስቀጠል ይቻል ዘንድ ተማሪዎቻችን ተገቢውን ዕውቀት ይጨብጡ ዘንድ መሥሪያ ቤታችሁ የበኩሉን አስተዋጽኦ እንዲያበረክት የተለመደ ትብብራችሁን እንጠይቃለን።»

ምን ትብብር? ገንዘብ ነው? አዳራሽ ነው? መኪና ነው? ኃላፊው ለማን ይምራው? ርዕሱ «ትብብር» ብቻ ስለሆነ «በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው» የሚለውም ምንም አልገለጸም። እንዲህ ያለው ደብዳቤ «ይታይ» ተብሎ ይመራና ማንም ሳያየው ይቀራል። ይህንኑ ከአንድ ልጅ ጋር አብረን ስናስተካክለው እንዲህ ሆነ፦

«ቀን፦ ጥር 13 ቀን 2017 ዓ.ም

ጉዳዩ፦ ለ4 ተማሪዎች የተግባር ልምምድ ቦታ እንዲሰጠን ስለመጠየቅ

በኮሌጃችን በቢሮ አስተዳደር ሙያ የሚሠለጥኑ 4 ተማሪዎች ከየካቲት 3 እስከ መጋቢት 26 ቀን 2017 ዓ.ም የተግባር ልምምድ ማድረግ ይጠበቅባቸዋል። የስም ዝርዝራቸው በ1 ገጽ ተያይዟል። ስለሆነም በመዝገብ ቤታችሁ እንዲለማመዱ ፈቅዳችሁ የሚከታተላቸውን ባለሙያ እስከ ጥር 23 ቀን 2017 ዓ.ም በደብዳቤ እንድታሳውቁን እንጠይቃለን።

ከሠላምታ ጋር»

በቃ፣ ሦስት ዓረፍተ ነገር። የመጀመሪያው ነገሩ ምን እንደሆነ ይናገራል፣ ሁለተኛው ማስረጃው የት እንዳለ፣ ሦስተኛው ማን ምን እስከ መቼ እንዲያደርግ እንደምትፈልጉ። «ለመዝገብ ቤት ኃላፊ» ብሎ ለመምራት አሥር ሴኮንድ አይፈጅም። አባሪው ስንት ገጽ እንደሆነ መጻፉን ደግሞ አትናቁት። ወረቀት ከማህደር ይወድቃል፤ «በ1 ገጽ» ካላችሁ ግን ሲጎድል እኛው እናውቃለን፣ ደውለን እንጠይቃለን። «አባሪ ተያይዟል» ብቻ ከሆነ የጎደለውን ማን ያውቃል?

«ቁጥር» የሚለውን ቦታ እናንተ አትሙሉት። ተፈርሞ ሲወጣ ከወጪ መዝገብ የሚሰጠው እኛው ነን። የመልስ ደብዳቤ ከሆነ ግን የመጣላችሁን ደብዳቤ ቁጥርና ቀን መጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገቡ፤ ማህደሩን የምናወጣው በእርሱ ነው። ፊርማ፣ ቲተር (የፈራሚውን ስምና ኃላፊነት የሚያትም ትንሽ ማህተም)፣ ክብ ማህተም፤ ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ይመለሳል፣ ክርክር የለውም።

ስለ ግልባጭ ኮሌጅ ውስጥ የሚነግራችሁ ያለ አይመስለኝም። ግልባጭ የሚሰጠው በጉዳዩ ላይ የሚሠራው ነገር ላለው ክፍል ነው። የመጀመሪያ ጥያቄያችሁን ስትጽፉ ለተጻፈለት ሰው አለቃ ግልባጭ ካደረጋችሁ፣ እናንተ «እንዲያውቁት» ብላችሁ ቢሆንም እርሱ የሚያነበው እንደ ክስ ነው። ሥራው ሳይጀመር ኩርፊያ ይጀመራል። ግልባጭ ለበላይ የሚሄደው ሁለት ጊዜ ጽፋችሁ መልስ ሲጠፋ ነው፤ ያኔም የቀደሙትን ሁለት ደብዳቤዎች ቁጥርና ቀን ጠቅሳችሁ።

ስም ላይ ደግሞ ጨካኝ ሁኑ። ባለጉዳዩ መታወቂያው ላይ «ኃይሉ» ከሆነ «ሀይሉ» ብላችሁ አትጻፉለት። «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ስንጠራቸው አንድ ናቸው፣ ባንክ መስኮት ላይ ግን ሁለት ሰው ሊሆኑ ይችላሉ። ከመሐል ሜዳ ወይም ከዓለም ከተማ በሌሊት ተነሥቶ የመጣ ሽማግሌ በአንድ ፊደል ምክንያት ሲመለስ አይቻለሁ፤ የመኪናው ሒሳብ፣ የአልጋው ሒሳብ፣ የተወው ሥራ ሁሉ የእርሱ ኪሳራ ነው። ስም ስትጽፉ ከመታወቂያው ላይ ፊደል በፊደል ቅዱ፣ ከመፈረሙ በፊት ለባለቤቱ አሳዩት። ማንበብ ካልቻለ አብሮት የመጣው ያንብብለት።

እንግሊዝኛው ከንቱ ነው እያልኩ አይደለም። ደብረ ብርሃን ዛሬ ኢንዱስትሪ ፓርክ አላት፣ የቢራ ፋብሪካዎች አሏት፣ የብርድ ልብስ ፋብሪካው ከድሮም አለ። ከውጭ ባለሀብት፣ ከዕቃ አቅራቢ፣ ከረድኤት ድርጅት ጋር የምትጻጻፉት በእንግሊዝኛ ኢሜይል ነው። እዚያ ሁለት ነገር ያደናቅፋል። አንዱ ቀን ነው። 5/4/2017 ብላችሁ ከላካችሁ እኛ ታኅሣሥ 5 ማለታችን ነው፤ ፈረንጁ ግን ከ7 ዓመት በላይ ያለፈ ቀን አድርጎ ያነበዋል። ስለዚህ ወሩን በፊደል ጻፉ፣ አቆጣጠሩ በእነርሱ ከሆነ በእነርሱ አድርጉት። ሰዓትም እንዲሁ፦ የእኛ የጠዋት 3 ሰዓት የእነርሱ 9 ነው፤ የስብሰባ ጥሪ ላይ የማን አቆጣጠር እንደሆነ ግልጽ አድርጉ። ሁለተኛው ስም ነው። የእኛ ሁለተኛ ስም የአባት እንጂ የቤተሰብ አይደለም፤ «ሚስተር» ስትሉ የራሱን ስም አስከትሉ። አለዚያ የሞቱትን አባቱን ነው የጠራችሁት።

በግል ድርጅት ለምትቀጠሩ የራሳችሁን ደብዳቤ መጻፍም ይመጣል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ሥራ ሲለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ስለዚህ የመልቀቂያ ደብዳቤያችሁ ላይ ሁለት ቀን መኖር አለበት፦ የጻፋችሁበትና የመጨረሻ የሥራ ቀናችሁ። ምክንያት መዘርዘር አያስፈልግም፣ ምሬት ደግሞ ፈጽሞ። በዚያው ደብዳቤ የሥራ ልምድ ማስረጃ ጠይቁ፤ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመንና ደመወዝ የሚገልጽ ማስረጃ አሠሪው ያለ ክፍያ ሊሰጣችሁ ይገባል። ከማስገባታችሁ በፊት ኮፒ አድርጉ፣ በኮፒው ላይ ተቀባዩ ስሙን ጽፎ፣ ፈርሞ፣ ቀን ያድርግበት። ኋላ «አልደረሰንም» ሲባል የምታወጡት እርሱን ነው።

ቃለ ጉባዔ መያዝን ለመልመድ ከክፍል ይልቅ ሰፈር ይሻላል። የሰፈራችሁ እድር ጸሐፊ ይፈልጋል፤ መቼም ጸሐፊ የተረፈው እድር አላየሁም። እሺ ብላችሁ ያዙ። እዚያ ሰዎች ሦስት ሰዓት ያወራሉ፣ የድንኳኑ ቀዳዳ ይነሣል፣ የሰኔው ለቅሶ ይነሣል፣ ያልከፈለው ሰው ይነሣል፣ ከዚያ ሁሉ ውስጥ የተወሰነው ሦስት ነገር ነው። የቃለ ጉባዔ ችሎታ እርሷን ሦስት ነገር መያዝ ነው። ቀን፣ ቦታ፣ የተገኙና ያልተገኙ፣ አጀንዳ፤ ከዚያ በየአጀንዳው ሥር ክርክሩን በሁለት መስመር፣ ውሳኔውን ግን ሙሉ፦ ማን ይሠራዋል፣ እስከ መቼ፣ በስንት ብር። «ድንኳኑ እንዲታደስ ተወሰነ» ካላችሁ በሚቀጥለው ስብሰባ ድንኳኑ እንደተቀደደ ነው። «ገንዘብ ያዡ እስከ ግንቦት 15 ድንኳኑን አሳድሰው ደረሰኝ ያቀርባሉ» ካላችሁ ግን ሰውየው ገና ሲነበብ ይቁነጠነጣል። ከመበተናችሁ በፊት ውሳኔዎቹን ጮክ ብላችሁ አንብቡና አስፈርሙ። ቤት ወስጄ አሳምሬ እጽፈዋለሁ የሚለው ነገር ጠብ ይወልዳል።

ስልክ። ስታነሡ የመሥሪያ ቤቱን ስም፣ ቀጥሎ የራሳችሁን ስም ተናገሩ። «ሃሎ፣ ማን ልበል?» ብሎ መጀመር ደዋዩን እንደ ተጠርጣሪ ያስቆጥረዋል። የሚፈለገው ሰው ከሌለ «የሉም» ብሎ መዝጋት ሥራ አይደለም፤ ስም፣ ከየት፣ ስለምን፣ ስልክ ቁጥር፣ የደወሉበት ሰዓት፤ ጻፉና ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡ። ቁጥሩን መልሳችሁ አንብቡለት። («ስብሰባ ላይ ናቸው» የሚለውን እውነት ሲሆን ብቻ ተጠቀሙበት፤ ባለጉዳዩ በኮሪደሩ ሲያልፉ ያያቸዋል።) በር ላይ የቆመውን ደግሞ «ነገ ተመለሱ» ከማለታችሁ በፊት ከየት እንደመጣ ጠይቁት። ከዚሁ ከተማ ከጠባሴ የመጣና ከሩቁ ከመርሐ ቤቴ የመጣ እኩል አይደሉም። «አባቴ፣ ይቺ ወረቀት ጎድላለች፤ ይዘው ሲመጡ እኔን ይጠይቁ» ብሎ የሚጎድለውን በቁራጭ ወረቀት ጽፎ መስጠት አንድ ደቂቃ ነው።

አሁን ሁሉም ቢሮ ቴሌግራም ግሩፕ አለው። ለአለቃችሁ «ሰላም» ብላችሁ ልካችሁ መልስ አትጠብቁ። ሰላምታውን፣ ጉዳዩንና ጥያቄውን በአንድ መልእክት ጨርሱ፦ «ጤና ይስጥልኝ። የሦስተኛው ሩብ ዓመት ሪፖርት ተጠናቋል፤ ዛሬ እስከ 9 ሰዓት ቢያዩልኝ ነገ ይወጣል።» የደብዳቤ ፎቶ በቴሌግራም መላክ ለማስቸኮል ጥሩ ነው። ነገር ግን ገቢ ሆኖ ካልተመዘገበ እንዳልተላከ ቁጠሩት፤ ዋናው ወረቀት መከተል አለበት። ፋይል ከላካችሁ ደግሞ በዩኒኮድ፣ ማለትም የትኛውም ኮምፒውተር በሚያውቀው የፊደል አሠራር፣ የተጻፈ ይሁን። በድሮዎቹ የአማርኛ ፊደል ፕሮግራሞች የተጻፈው ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆናል። ፒዲኤፍ ማድረግ ከዚህ ጣጣ ያድናል።

ኮሌጅ ሳላችሁ እንዴት ልለማመድ ካላችሁ፣ በሳምንት ሁለት የቢሮ ደብዳቤ ከማስታወቂያ ሰሌዳ ወይም ከቤታችሁ አግኙ። ቤተሰብ ሳጥን ውስጥ የይዞታ፣ የግብር፣ የውኃ ቆጣሪ ደብዳቤ አይጠፋም። «ጉዳዩ» የሚለውን በወረቀት ሸፍናችሁ የቀረውን ካነበባችሁ በኋላ ራሳችሁ ጉዳዩን ጻፉለት፣ ከዚያ አወዳድሩ። ብዙ ጊዜ የእናንተው ይበልጣል። ቀጥሎ ያንኑ ደብዳቤ በሦስት ዓረፍተ ነገር አሳጥሩት። ለጓደኛችሁ ስጡትና «ለማን ትመራዋለህ?» በሉት። ካመነታ እንደገና።

የተግባር ልምምዱ ሲደርስ ደግሞ ኮምፒውተር ያለበትን ክፍል አትሻሙ። «ገቢ መዝገቡን ልያዝ» በሉ። አቧራ አለው፣ አሰልቺ ነው፣ ማንም አይቀናባችሁም። ግን በቀን የሚገባውን ሁሉ የምታነቡት እዚያ ነው። ከሚመለሱት መካከል ስም የተሳሳተበትን፣ አባሪ የጎደለበትን፣ ጉዳዩ ያልታወቀውን እየለያችሁ በደብተር ያዙ፤ ኮሌጁ የሚጠይቃችሁ የልምምድ ሪፖርትም በዚያው ይሞላል።