ስቴፕ ዋንን ለምትደግሙ

ስቴፕ ዋን (የአሜሪካ የሕክምና ፈቃድ ፈተና የመጀመሪያው ክፍል) ወድቃችሁ ከሆነ ቶሎ ቀን ለመቁረጥ አትሩጡ። ሙከራው በጠቅላላ 4 ብቻ ነው፣ በ12 ወር ውስጥ ደግሞ ከ3 በላይ አይፈቀድም።

መጀመሪያ የውጤት ወረቀቱን አንብቡት። እኔ (ለማየት እያፈርኩ) ሳልከፍተው "የጣለኝ ፋርማኮሎጂ ነው" ብዬ ሁለት ሳምንት ሙሉ የመድኃኒት ስም ስሸመድድ ከረምኩ። ወረቀቱ ዝቅ ብሎ ያሳየው ግን ኩላሊትና ባዮስታቲስቲክስ ነበር!

ከዚያ በኋላ የሳትኩትን ጥያቄ ሁሉ ደብተር ላይ ምልክት አደርግበት ጀመር፦ "አላውቀውም"፣ "መልሱን እያወቅሁ ቀየርኩት"፣ "ጥያቄውን በጥድፊያ አነበብኩት"። ሁለተኛዋ ገጹን ሞላችው። መልስ መቀየር አቆምኩ። የኤንቢኤምኢን (ፈተናውን የሚያዘጋጀውን ተቋም) መለማመጃዎች ሰዓት ይዛችሁ ሥሩ፤ አንዴ ሳይሆን ተከታትላችሁ ማለፊያውን በሰፊው ስትሻገሩ ያኔ ተመዝገቡ።