ደብረ ብርሃን አድሮ አንኮበርን ማየት፦ የሁለት ቀን ጉዞ በአነስተኛ ወጪ

ወደ ደሴ የሚሄድ መንገደኛ ደብረ ብርሃንን የሚያውቃት አብዛኛውን ጊዜ ቁርስ በልቶ በማለፍ ነው። ይሁን እንጂ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ይህች ከተማ ቅዳሜና እሑድን በትንሽ ገንዘብ ለማሳለፍ ትመቻለች፤ ደብረ ብርሃን መጠነኛ አልጋ ይዞ ማደርና 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደሚርቀው አንኮበር ደርሶ መመለስ፣ አንኮበር ላይ ከማደር ይልቅ ኪስን አይጎዳም።

ትምህርት ቤት በሚዘጋባቸው በሐምሌና በነሐሴ ልጆችን ይዞ መሄድ ይቻላል፤ ነገር ግን በእነዚህ ወራት አንኮበርን ጉም ስለሚያለብሰው፣ አፋፉ ላይ ቆሞ የራስን ጫማ ብቻ አይቶ መመለስም አለ። እኔ የምመርጠው ከመስከረም አጋማሽ በኋላ ያለውን ጊዜ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ግን የሰሞኑን የመንገድ ጸጥታ እዚያው ካለ ሰው ወይም በመስመሩ ከሚሠሩ ሾፌሮች መጠየቅ ያስፈልጋል፤ መልሱ የሚያወላውል ከሆነ ጉዞውን ለሌላ ጊዜ ማስተላለፍ ነው።

ቅዳሜ ማለዳ ከላምበረት መናኸሪያ ተነሥቶ ሰንዳፋንና ሸኖን አልፎ ጫጫ ሲደረስ፣ ዳግማዊ ምኒልክ በነሐሴ 1836 ዓ.ም. የተወለዱበት አንጎለላ ሩቅ አይደለም። ደብረ ብርሃን እንደደረሱ ሒሳብ ከመክፈልዎ በፊት ክፍሉን ይዩ። «ሙቅ ውኃ አለ» መባሉ ብቻ በቂ አይደለም፤ ቧንቧውን ራስዎ ከፍተው እስኪሞቅ ይጠብቁ። አልጋው ላይ ያለውን ብርድ ልብስም ይቁጠሩ፤ ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አንድ ብርድ ልብስ ሌሊቱን አያሻግርም፣ ሁለተኛውን ደግሞ ሠራተኞቹ ሳይተኙ መጠየቅ ይሻላል። የጭነት መኪና ሌሊቱን ሙሉ ስለሚያልፍ ከዋናው አስፋልት ገባ ያለ ማረፊያ ይመረጣል።

ከሰዓት በኋላ፣ ምሥረታው ከዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጋር የሚያያዘውን የሥላሴን ቤተ ክርስቲያን ተሳልሞ ወደ ገበያ መውጣት ነው። ንጉሡ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከሰማይ ብርሃን ታይቷል በማለት ለከተማዋ ስሟን እንደሰጧት ይነገራል። ከገበያው የመንዝ ባና ወይም ዝተት ለመግዛት ያሰበ ሰው ጨርቁን ወደ ብርሃን አንሥቶ ሽመናው የሳሳበትን ቦታ ይፈልግ፤ ዋጋ መከራከር የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ለማግስቱ ስንቅ የገብስ ቆሎ ይበቃል።

እሑድ ሻንጣዎን ማረፊያው ዘንድ በአደራ ትተው ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መናኸሪያ ይገኙ። ማልዶ መነሣት ጥቅም አለው፤ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ሌሊቱን ገደል ውስጥ አድረው ፀሐይ ሲሞቅ ወደ ሜዳው ስለሚወጡ፣ በመንገዱ ዳር ቁጭ ብለው ሣሩን በጣታቸው እየነጩ ሲበሉ ሊያዩአቸው ይችላሉ። ምግብ አይወርውሩላቸው።

የአንኮበር መኪና የሚያወርደው ጎረቤላ በምትባለው ከተማ ነው፤ ከዚያ የቤተ መንግሥቱ ጉብታ ድረስ በእግር ይኬዳል። ወጣ ብሎ ቁልቁል ሲመለከቱት አንኮበር ለምን የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ እንደሆነ ሳይነገር ይገባል፤ በምሥራቅ በኩል ከአፋር ቆላ ጀምሮ የሚመጣ ሁሉ ከላይ ይታያል። በ1834 ዓ.ም. ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጋር ውል የተፈራረመው የእንግሊዝ መልእክተኛም የመጣው በዚያው በኩል፣ በግርጌው ባለችው የንግድ ከተማ በአልዩ አምባ አድርጎ ነው። ወፍ ማየት የሚወድ ሰው የሩቅ ማያ መነጽሩን አይርሳ።

ለመመለስ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ጀምሮ ጎረቤላ ይገኙ። እኔ አንድ ጊዜ «ገና ነው» ብዬ ስዘገይ የመጨረሻው ሚኒባስ ሞልቶ ሄደብኝ፤ እስከ አሥር ሰዓት ከጠበቅሁ በኋላ በአንድ አይሱዙ ጋቢና፣ ዶሮ ከታቀፉ እናት አጠገብ ተጣብቄ ደብረ ብርሃን ገባሁና ለሌላ አንድ ሌሊት አልጋ ከፈልኩ። በጊዜ የተመለሰ ግን ከመምሸቱ በፊት አዲስ አበባ ይገባል፤ መኪናው ሸኖ ላይ ከቆመም ቅቤውን አሽትቶና በጣቱ ቀምሶ ለመግዛት ፋታ ያገኛል።