ጃፓን ውስጥ ሕግ ሳይጥሱ ቤት ውስጥ ቢራ እንዴት እንደሚጠመቅ

ጌሾ ሲወቀጥ እየሰማ፣ እንስራ በግራዋ ታጥቦ በወይራ ሲታጠን እያየ ያደገ ሰው፣ ቤት ውስጥ መጠጥ መጥመቅ ያስከስሳል ቢሉት አያምንም። እኔም ጃፓን እስክመጣ ድረስ አላውቅም ነበር። እዚህ አገር የአልኮል መጠኑ 1 ከመቶ የደረሰ መጠጥ ሁሉ በመጠጥ ግብር ሕጉ ሥር ይወድቃል። ያለ ፈቃድ የጠመቀው ሰው፣ የጠመቀው ለራሱ ብቻ ቢሆን እንኳ፣ እስከ 10 ዓመት እስራት ወይም እስከ 1 ሚሊዮን የን የሚደርስ መቀጮ ሊያገኘው ይችላል። ከ1 ከመቶ በታች ከሆነ ግን ፈቃድ አያስፈልግም። ብቅሉም፣ ሆፕሱም (ቢራን የሚያመርረው አበባ)፣ እርሾውም በግልጽ ይሸጣል።

ክልከላው የቆየ ነው። በ1899 (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የቤት ጠመቃ ሙሉ በሙሉ ሲታገድ ምክንያቱ ግብር ነበር። ያኔ ከመጠጥ የሚሰበሰበው ግብር ከመንግሥቱ ዋና ዋና ገቢዎች አንዱ ነበር፤ ገበሬው ዶቡሮኩ የሚባለውን ያልተጣራ የሩዝ መጠጡን በየቤቱ ከጠመቀ ግብር የተከፈለበትን አይገዛም። ማኤዳ ቶሺሂኮ የተባለ ሰው ለራሴ መጥመቅ መብቴ ነው ብሎ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተሟግቶ ነበር፤ በ1989 ተፈረደበት። በ1994 ሕጉ ለትናንሽ ፋብሪካዎች በሩን ከፈተ፤ ለቢራ ፈቃድ ይጠየቅ የነበረውን ዝቅተኛ ዓመታዊ ምርት ከ2 ሚሊዮን ሊትር ወደ 60 ሺህ ሊትር አወረደው። ለቤት ጠማቂ ግን ምንም አልተለወጠም። እኔ በበኩሌ ክልከላው ልክ ነው ብዬ አላምንም። አሜሪካ በ1978 በወጣ ሕግ ለአንድ አዋቂ በዓመት 100 ጋሎን፣ ማለትም 378 ሊትር ገደማ ቢራ ለቤቱ እንዲጠምቅ ፈቅዳለች፤ በዚያ ምክንያት የፈረሰ ነገር የለም። ቢሆንም በቪዛ የሚኖር ሰው በዚህ ጉዳይ ዕድሉን መሞከር የለበትም።

ለወገኖቼ አንድ ነገር በግልጽ ልበል። ጠላና ጠጅ ጃፓን ውስጥ በቤት መጥመቅ ክልክል ነው፤ ሁለቱም ከ1 ከመቶ በደንብ ያልፋሉ። ቅሪቦስ? ቅሪቦ አልኮል የለውም እየተባለ ቢጠጣም ስኳርና እርሾ ገብቶበት ያድራል። በሊትር 50 ግራም ስኳር የገባበት ቅሪቦ ቢረሳና እርሾው ስኳሩን ቢጨርሰው 3 ከመቶ ያልፋል። ስለዚህ ቅሪቦም ከዚህ በታች ባለው ስሌት መመዘን አለበት። «ጠንከር አድርጌ ጠምቄ ኋላ በውሃ ባቀጥነውስ?» የሚል ጥያቄም ይነሳል። አይሆንም፤ ማሰሮው ውስጥ እያለ 1 ከመቶ ከነካ መጠጡ ያኔውኑ ተሠርቷል። የሚቀጥነው እርሾ ከመግባቱ በፊት ነው።

ታዲያ የሚወጣው ምን ዓይነት ቢራ ነው? ቅራሪን ያስቡ። ዋናው ጠላ ከተቀዳ በኋላ ድፍድፉ ላይ ውሃ ተጨምሮ የሚወጣውን፣ ቀጭኑን፣ በፀሐይ የዋለ ሰው የሚመኘውን። የእኔ ቢራ የዚያ ዘመድ ነው፤ በጃፓን የነሐሴ ወበቅ ከእሱ የሚሻል መጠጥ አላገኘሁም።

ስሌቱን አስቀድመው ይያዙ

ሃይድሮሜትር ግድ ነው። በፈሳሹ ውስጥ ምን ያህል ስኳር እንደሟሟ የሚያሳይ ተንሳፋፊ የመስታወት መሣሪያ ነው፤ ዋጋውም አይከብድም። 20 ዲግሪ በሆነ ንጹሕ ውሃ ውስጥ 1.000 ማንበብ አለበት፤ ከዚያ ዝቅ ወይም ከፍ ካለ ስህተቱን ጽፈው ይያዙና ሁልጊዜ ያርሙ። አልኮሉ የሚታወቀው ከመብላላቱ በፊት ካለው ንባብ በኋላ ያለውን ቀንሶ ልዩነቱን በ131 በማባዛት ነው። ከ1.008 ተነስቶ 1.004 ላይ ከቆመ ልዩነቱ 0.004 ነው፤ በ131 ሲባዛ 0.52 ከመቶ ይሆናል።

መነሻዬን 1.008 ያደረግኩበት ምክንያት አለኝ። በዚህ መነሻ እርሾው ከስኳሩ አምስት እጅ አራቱን ቢበላ እንኳ 0.84 ከመቶ ላይ ይቆማል። እዚህ ድረስ ቢሄድም ሕግ አይጣስም። አንዳንዶች ከ1.012 ወይም ከ1.015 ተነስተው እርሾው መሃል መንገድ ላይ ይቆምልናል ብለው ይጠብቃሉ፤ እኔ አልመክርም።

ለ5 ሊትር የሚያስፈልገው

ቀለሙ ነጣ ያለ የገብስ ብቅል 140 ግራም፣ የካራሜል ብቅል 40 ግራም፣ አጃ 20 ግራም። በድምሩ 200 ግራም ብቻ ነው፤ 5 ከመቶ አልኮል ላለው ቢራ ከ1 ኪሎ በላይ በገባ ነበር። ካራሜሉና አጃው የሚገቡት እርሾ የማይበላውን ነገር ለመጨመር ነው፤ ያለ እነሱ ቢራው ውሃ ውሃ ይላል። ሆፕስ 10 ግራም፣ መራራነቱ መካከለኛ የሆነ (በፓኬቱ ላይ አልፋ አሲድ 5 ከመቶ ገደማ የሚል)። የቢራ ደረቅ እርሾ 2 ግራም። አንድ ሁለት ሎሚ። ስኳር 10 ግራም። የምግብ ቴርሞሜትር፣ የፒኤች መለኪያ (ፒኤች የአሲድነት ልክ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል)፣ 2 ሊትር የሚይዝ ሰፊ አፍ ያለው ፔርሙዝ፣ 8 ሊትር የሚይዝ ድስት፣ ንጹሕ ነጠላ ጨርቅ፣ ክዳን ያለው የማብላያ ዕቃ።

ብቅሉን መዘፍዘፍ

ብቅሉ ያልተፈጨ ከሆነ ሸርከት አድርገው ይፍጩት። እንደ ዱቄት ከላመ አይጠልም፤ ገለባው ሳይደቅ መቅረት አለበት። ፔርሙዙን በፈላ ውሃ አሙቀው ይድፉት። ከዚያ 78 ዲግሪ የሆነ አንድ ሊትር ተኩል ውሃ ያፍስሱበትና ብቅሉንና አጃውን እያማሰሉ ይጨምሩ። ሙቀቱ 74 ወይም 75 ዲግሪ ላይ ሲያርፍ ከድነው 45 ደቂቃ ይተዉት።

ሙቀቱ ለምን ይህን ያህል ከፍ አለ? ብቅል ውስጥ ስታርቹን ወደ ስኳር የሚቀይሩ ሁለት ኤንዛይሞች አሉ። አንደኛው እርሾ የሚወደውን ስኳር የሚያወጣው ነው፤ እሱ ከ70 ዲግሪ በላይ ቶሎ ይሞታል። ሌላው ሙቀቱን ትንሽ ይችላል፤ የሚሰጠው ግን ረዘም ያለውን፣ እርሾ የማይቆርጠውን ነው። ተራ ቢራ ጠማቂ 65 ዲግሪ ገደማ ላይ ሁለቱንም ያሠራል። እኛ የመጀመሪያውን እንገድላለን፤ ወዙ ይቀራል፣ አልኮሉ ያንሳል።

45 ደቂቃው ሲሞላ በጨርቁ ወደ ድስቱ ያጥልሉት፤ 75 ዲግሪ በሆነ ውሃ ብቅሉን ደጋግመው እያጠቡ ድስቱ ውስጥ 6 ሊትር እስኪሆን ይጨምሩ። ጨርቁን አጥብቀው አይጭመቁ፤ የገለባው አፍ የሚያደርቅ ጣዕም ይወጣል።

ማፍላት

እንደ ፈላ 5 ግራም ሆፕስ ይጨምሩና 30 ደቂቃ ያንተክትኩት። እሳቱን ሊያጠፉ ሲሉ የቀረውን 5 ግራም ይጨምሩ፤ የመጀመሪያው ለምሬት ነው፣ የመጨረሻው ለሽታ። ሆፕስ እዚህ የጌሾን ቦታ ይዟል፤ ያመርራል፣ አንዳንድ ባክቴሪያንም ይከላከላል። ከዚህ በላይ ግን አያብዙበት፤ ቀጭን ቢራ ምሬት አይሸከምም።

ድስቱን እንደ ተከደነ በረዶ በገባበት የመታጠቢያ ሳህን ውስጥ አስቀምጠው በፍጥነት ያቀዝቅዙት። 20 ዲግሪ ሲደርስ ብቻ በሃይድሮሜትሩ ይለኩ። የመጀመሪያ ጠመቃዬን የለካሁት ገና 40 ዲግሪ ገደማ እያለ ነበር፤ 1.008 አነበብኩና ደስ አለኝ። ትኩስ ፈሳሽ ስለሚቀል መሣሪያው ዝቅ አድርጎ ያሳያል። ሲቀዘቅዝ ደግሜ ብለካው 1.014 ሆኖ ተገኘ። እርሾውን ለመጨመር ፓኬቱን ቀድጄ ነበር! ያን ቀን 5 ሊትሩን በፈላና በቀዘቀዘ ውሃ ወደ 9 ሊትር ገደማ አደረስኩት። እርስዎም ከ1.008 በላይ ካገኙ እንዲሁ አቅጥነው፣ በደንብ አማስለው፣ እንደገና ይለኩ። ዝቅ ካለ፣ 1.007 እንኳ ቢሆን፣ ይለፉት።

አሲዱ፦ ማንም ሊዘለው የማይገባ ደረጃ

አምስት ከመቶ አልኮል ያለው ቢራ ራሱን ይጠብቃል፤ አልኮሉም አሲዱም ክፉ ባክቴሪያን ያባርራሉ። የእኛ ቢራ ያ ጠባቂ የለውም። እርሾው የሚበላው ጥቂት ስለሆነ ፈሳሹን በበቂ ሳያኮመጥጥ ሊቀር ይችላል። ፒኤቹ ከ4.6 በላይ የሆነ፣ ስኳር ያለበት፣ አየር የማያገኝ ፈሳሽ ደግሞ ቦቱሊዝም የሚባለውን ገዳይ በሽታ የሚያመጣ መርዝ የሚያመነጨው ባክቴሪያ ሊያድግበት የሚችል ቦታ ነው። ስለዚህ እርሾ ከመግባቱ በፊት የሎሚ ጭማቂ ወይም የምግብ ላክቲክ አሲድ በግማሽ የሻይ ማንኪያ እየጨመሩ፣ እያማሰሉ፣ እየለኩ ፒኤቹን 4.4 ያድርሱት። ወደ ጠርሙስ ሲገባ 4.2 ገደማ ቢሆን ጥሩ ነው። ጣዕሙን ያበላሸዋል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እንዲያውም ቀጭኑን ቢራ አቃናው። መለኪያ ከሌለዎት እስኪያገኙ ድረስ አይጥመቁ።

ንጽሕናውም ያው ነው። ከፈላ በኋላ ፈሳሹን የሚነካ ነገር ሁሉ፣ ማንኪያውም ሃይድሮሜትሩም ጭምር፣ ታጥቦ ለምግብ ዕቃ በሚሆን ማጽጃ መረጨት አለበት። እናቶቻችን እንስራውን የሚያጥኑት ለሽታው ብቻ አልነበረም።

ማብላላት

ፈሳሹን ወደ ማብላያው ዕቃ ከፍ አድርገው ያፍስሱ፤ እርሾው መጀመሪያ ላይ አየር ይፈልጋል። እርሾውን በትነው ይክደኑ። ክዳኑ ጋዝ የሚያስወጣ፣ አየር የማያስገባ መሆን አለበት፤ ጫፉ ውሃ ውስጥ የተነከረ ቀጭን ቱቦ ይበቃል። ከ18 እስከ 20 ዲግሪ ያቆዩት። የጃፓን በጋ ክፍሉን 30 ዲግሪ ሲያደርገው ዕቃውን ውሃ ባለበት ባልዲ ውስጥ ከትቼ፣ በረዶ የሆኑ ሃይላንዶች ጠዋትና ማታ እቀያይርበታለሁ። አረፋው ትንሽ ነው፤ አልሠራም ብለው አይጨነቁ። በሁለት ሦስት ቀን ያልቃል። ሁለት ቀን በተከታታይ ሲለኩት ያው ቁጥር ከሆነ አልቋል።

ጠርሙስ

ስሌቱን አሁን ይሥሩ። ልዩነቱ 0.005 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ለ5 ሊትሩ 10 ግራም ስኳር በትንሽ ውሃ አፍልተው፣ አቀዝቅዘው ይጨምሩ። ይህ ስኳር ጠርሙስ ውስጥ ሲብላላ ጋዝ ይሰጣል፤ አልኮሉንም በ0.13 ከመቶ ገደማ ከፍ ያደርገዋል። ልዩነቱ 0.005 ከሆነ 0.66 ላይ 0.13 ተደምሮ 0.79 ይሆናል፤ መሣሪያው በአንድ ነጥብ (በ0.001) ቢሳሳት እንኳ 0.92 ነው። ልዩነቱ ከ0.005 ካለፈ ግን ስኳር አይጨምሩ፤ ጋዙ ይቅርብዎት።

ጠርሙሱ የለስላሳ ፕላስቲክ ይሁን፤ የውሃ ሃይላንድ ግፊት አይችልም፣ መስታወት ደግሞ ከፈነዳ ዓይን ያጠፋል። ፕላስቲክ ሌላም ጥቅም አለው፤ በጣትዎ ጫን ሲያደርጉት ምን ያህል ጋዝ እንደያዘ ያሳውቃል። ሦስት ቀን ገደማ ቆይቶ ጠጠር ሲል ሁሉንም ወደ ፍሪጅ ያስገቡ። እዚያው ይቆይ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥም ይጠጣ። ያልተለመደ ሽታ ካለው፣ ወይም ፍሪጅ ውስጥ ሆኖ እየተነፋ ከሄደ፣ ሳይቀምሱ ይድፉት። ለሽያጭ አያውጡት። ቀን፣ መነሻ ንባብ፣ መድረሻ ንባብ፣ ፒኤች፣ እነዚህን በየጠመቃው ደብተር ላይ ይጻፉ፤ ጎረቤት ወይም ፖሊስ ቢጠይቅ የሚያሳዩት እሱን ነው።

የተረፈውን ብቅል አይጣሉት። በዚያው ቀን ከዳቦ ሊጥ ጋር፣ ለአንድ ኪሎ ዱቄት ሁለት እፍኝ ያህል አድርጌ አቦካዋለሁ፤ ጥቁር አዝሙድ ጣል ካደረጉበት ሽታው ቤቱን ይሞላዋል።